የጋጋሪው ልጅ ክንድ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይንና ጆሮ ግን አለኝ። የዓይን ጠብታ ልቀበል ሆስፒታል ብሄድ፣ ጎረቤቴን ጋጋሪውን ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ ኮሪደር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የፈላ ዘይት የአንዲት ሴት ልጁን ክንድ ዙሪያውን ጠብሶታል። ዶክተሯ ክንዷን በአልትራሳውንድ ልየው ብትል እምቢ ብሏል፤ ለምን እንደሆነም አልነገራት።

እኔ ግን አወጣጣሁት። በአልትራሳውንዱ ክፍል ደጃፍ የሚሰለፉት እርጉዞች ናቸው፤ ልጁ ደግሞ የታጨች ናት። የእጮኛዋ እናት ብትሰማ ምን ትላለች ብሎ ነው።

«እጇ ከተቆረጠ ቀለበቱን የት ሊያጠልቁላት ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ ሴት ልጅ አላሳደጉም።»

«ወንድ አሳድጌ ቀብሬያለሁ። እግሩ ተቃጥሎ ሲያብጥ፣ የቃጠሎ እብጠት ነው፣ ይጎድላል አሉን። መጀመሪያ እግሩ ሄደ፤ ከዚያ እሱ።»

 ዶክተሯ ስትመጣ ነገሩን እኔው ዘረገፍኩላት። ሐኪሟ ጨዋ ልጅ ናት፤ አልሳቀችበትም።

«አባባ፣ የተቃጠለው ቆዳ እንደ ቁርበት ደርቋል፤ አይለጠጥም። ሥጋው ደግሞ ከውስጥ እያበጠ ነው። መውጫ ሲያጣ የደም ሥሩን ያንቀዋል። ጣቶቿ መደንዘዝ ጀምረዋል፤ ከእብጠቱ የተነሳ የደም ትርታዋን በእጄ ላገኘው አልቻልኩም። መሣሪያው ግን ደሙ እየደረሰ መሆን አለመሆኑን ያሳየኛል።»

«ማሽን ነው እንግዲህ የሚፈርድባት?»

«እሱ ይረዳኛል እንጂ አይፈርድም። ሕመሟን፣ ጣቶቿንና እሱን አንድ ላይ አይቼ እወስናለሁ። ታንቆ ከሆነ ቆዳውን ሰንጥቀን እናስተነፍሰዋለን። ደግሞ ደጃፉን ከሆነ የፈሩት፣ መሣሪያው ጎማ አለው፤ አልጋዋ ድረስ እንገፋዋለን። ምነው ቀድመው በነገሩኝ።»

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጋጋሪው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ «ግፉት፣ ልጄ» አላት።

በመሣሪያው ሲታይ ደሙ ጭል ጭል ብቻ ይል ነበር። ወዲያው ሰነጠቁላት፤ እጇ ተረፈ። ደም አጥተው የቆዩት ሁለት ጣቶቿ ግን እንደታጠፉ ቀሩ።

ዛሬ ሰው ተቃጠለ ሲባል ጋጋሪው ሊጡን ትቶ ይሄዳል። የተቃጠለው እያበጠ ከጠነከረ፣ ከደነዘዘ፣ ሕመሙ ከበረታ ለሐኪም ንገሩ፤ መሣሪያውንም አትፍሩ፣ የታነቀ ሥጋ ሳይሞት እንዲደረስለት ያደርጋል ይላቸዋል። ታዲያ የልጅህን ጣቶች ዘይቱ ነው የበላቸው ብለው ሲጠይቁት፣ አይሸሽግም።

«ዘይቱስ እጇን ትቶልኝ ነበር» ይላል። «ጣቶቿን የበላሁት እኔ ነኝ።»