ዋርካው ሥር የጸናው መሬት

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሀብሩ ውስጥ ደብር የሚተዳደረው በዝምድና ነበር። ኮሚቴ የለ፣ ማኅተም የለ። የቤተ ክርስቲያኑን መሬት የሚያስተዳድሩት ገበዙ መምሬ ይመር ነበሩ፤ ማን የማን አበልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ያውቃሉ፣ እና በዚያ ያዝዛሉ። ስንት አገር ኖሬ፣ ስለ አስተዳደር ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ እንደሳቸው ሰው የሚያውቅ ሹም አላየሁም። ላሞግሳቸው ግን አይደለም፤ ቆይ።

አባቴ ቄስ ነበር፤ ስለሚቀድስ የቤተ ክርስቲያን መሬት እናርሳለን። ታዲያ ሞተ፣ እና ያለሁት እኔ ብቻ፣ ሴት ልጅ፣ ያውም ወልድያ ተማሪ። አርባው ሳይወጣ መምሬ መጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብርቄ፣» አሏት እናቴን፣ «መሬቱ የሚቀድስ ሰው ይፈልጋል። አማቼ ደግሞ ይቀድሳል።»

«እኔም ቄስ ቀጥሬ አስቀድሳለሁ። ዘነበች ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲያ አይደል የምታርሰው?»

«የዘነበችን ተይው።»

እናቴ ተነስታ መርሳ ወረደች። መርሳ የመምሬ አጎት አሉ፣ ሼህ እንድሪስ፣ የእናታቸው ወንድም፤ ወሎ አይደል? መምሬን ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው፣ አባቴ ደግሞ ወዳጃቸው ነበር። ታዲያ እሑድ ከቅዳሴ ብንወጣ፣ ሼሁ ከቅጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ቁጭ ብለዋል። መምሬ ሮጠው ጉልበት ሳሙ።

«ምነው አጎቴ፣ ቤት ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም።»

«ውሃ እንኳ ይምጣልዎ።»

«ወላሂ፣ የወዳጄን ቤት እስክታቃና ውሃህን አልቀምስም። ተቀመጥ፣ ይመር።»

እና ገበዙ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አፈር ላይ ተቀመጡ። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው።»

«እኔ ስለ ቤተ ክርስቲያን መች ጠየቅሁህ? ስለ ብርቄ ነው።»

ሰው ሳቀ፣ መምሬም ሳቁ፣ እና መሬቱ ለእናቴ ጸና። ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል። አንድ ቃል ሳይጻፍ ነገር አለቀ።

— አማችየው ታዲያ ባዶ እጁን ቀረ፣ እማማ?

ምን ሲደረግ። ክረምት ሲገባ የዘነበችን መሬት ሲያርስ አየነው።

— እሷስ ሽማግሌ አልላከችም?

ማንን ትላክ? ከሩቅ አገር ተድራ የመጣች ናት፣ እዚህ ዘመድ የላት። እናቴ ዘንድ መጣች። «እባክሽ ብርቄ፣ ለሼሁ ንገሪልኝ» አለች። እናቴ አበላቻት፣ አጽናናቻት፣ እና አልሄደችም። «ደጋግሜ ካስቸገርኳቸው ነገ ለእኛም አይሰሙን» አለችኝ። ሰምተሃል? በዝምድና መተዳደር ይሄ ነው፤ ዘመድ ላለው ነው የሚያምረው።

በኋላ ወልድያ ስንሄድ፣ ሲሪንቃ መንገድ ዳር ጠላ ስትሸጥ እናገኛታለን። «ብርቄ፣ አረፍ በሉ እንጂ፣ እኔ ሰው አይደለሁ?» ትላለች። እናቴ «ስንመለስ» ትላታለች። እና ስንመለስ በሌላው መንገድ ነበር የምንመጣው።