ሦስተኛው ገመድ

ገመድ ሻጩ ባለላሟን ከደጅ ሲያያት ሳቅ አለ። «እማማ፣ ዘንድሮ ይኼ ሦስተኛዎ ነው። ከብት ነው የሚያስሩበት ወይስ ሰው?»

«የአንተን ምላስ ነዋ» አለችው።

አፏ ቀለደ እንጂ ሆዷ አልሳቀም። ገመዱ ለጉድጓዷ ነበር። ውኃው ወደ ታች ይሸሻል፣ እሷ ገመድ ትቀጥላለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ምራቷ ልትቀዳ ስትነሳ «ተይው፣ እኔ አለሁ» የምትለው ከደግነት አይደለም፤ ቋጠሮዎቹን እንዳትቆጥርባት ነው። የጎረቤቷ ጉድጓድ ባለፈው በጋ ደርቆ ቤተሰቡ በሩን ቆልፎ ሄዷል። ያንን ቁልፍ በየቀኑ ሳታየው አታልፍም።

ዘወር ስትል የወንድሟን ልጅ አየች። ልጅቱ የከብት መኖ የተማረች ናት፤ ለጆንያ ማሰሪያ ሲባጎ ልትገዛ ገብታ ነው።

«አክስቴ፣ ጉድጓዱ ጠለቀ እንዴ?»

«ገመዱ አጠረ።»

«ገመድ እኮ አያጥርም።»

«እኔ ሳጥር አላየሽም? ያረጀ ሁሉ ያጥራል።»

ልጅቱ ገመዱን ተሸክማላት እስከ ቤት አብራት ሄደች። ከቤቱ ጀርባ የለመለመ የሣር መደብ አለ። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው።

«በቀን ስንት ባልዲ ይጠጣል?»

«አርባ። ላም እርጥብ ካልበላች ወተት አትሰጥም። እናቴ በዚሁ ነው ያሳደገችን፣ ያውም ፊደል ሳትቆጥር።»

«አያቴ የሚያጠጡት ከወንዝ ነበር። ወንዙ አሁን የት አለ?»

ልጅቱ በረት ገብታ ከላሞቹ እግር ሥር የተረገጠ እርጥብ ሣር በእጇ አፈሰች።

«ይህስ?»

«ትራፊ ነው። ላም ጨዋ አይደለችም፤ ግማሹን ትበላለች፣ ግማሹን ትተኛበታለች።»

«እንግዲያስ ሃያው ባልዲ ፍራሽ ሆኗል።»

ይህ ቃል እንደ እሾህ ገባባት። የጉድጓዷን ልክ ልታሳያት አዲሱን ገመድ ቀጠለችና ባልዲውን ለቀቀችው። ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። ከዚያ «ቋ» አለ። የውኃ ድምፅ አልነበረም፤ የድንጋይ ነው። ስትስበው አንድ ጭብጥ ጭቃ ወጣ።

ምራቷ ሕፃኑን እንዳዘለች ብቅ አለች። «እማዬ፣ ምንድን ነው ድምፁ?»

ባለላሟ የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። እኔን ግን እያስፈራራ ነው የወሰደኝ፤ አልሰማ ብዬ ነው እንጂ። ላሞቹን ልሽጥ?»

«ለምን ይሸጣሉ?» አለች የወንድሟ ልጅ። «የአበላል መላ እንለውጥ። ግርግም እንሥራ፤ መሬት የማይጣል መኖ አይረገጥም። ማሳ ላይ የሚያቃጥሉት የባቄላ ገለባ ተከትፎ ከዘይት መጭመቂያው ፋጉሎ ጋር ሲቀላቀል ያጠግባል። በአጥሩ ዙሪያ ቅጠሉ ለላም የሚሆን የእርግብ አተር ይትከሉ፤ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ አንዴ ከያዘ ባልዲ አይጠብቅም። የክረምቱን ሣር አጭደን እናደርቃለን።»

«ወተቱ ቢነጥፍስ? ይህ ሕፃን ምን ይጠጣል?»

«ጉድጓዱ ከነጠፈ ወተቱንም ውኃውንም አያገኝም፣ አክስቴ።»

ባለላሟ ሕፃኑን አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መደቡ ውኃ አልቀመሰም።

ለሁለት ቀን ከሩቅ ቧንቧ እየተሸከሙ ጠጡ። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ጥቂት አጠራቀመ። ኩሩዋ ላም ግን ገለባውን አሽትታ ፊቷን አዞረች፣ ወተቷም ቀነሰ። ባለላሟ «ጨረስሽኝ» እያለች የወንድሟን ልጅ ረገመች። እኔ ግን እላለሁ፦ ለውጥ መጀመሪያ የሚያስፈራው ጉዳቱ ፈጥኖ ስለሚታይ ነው፤ ጥቅሙ በእግሩ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ላሟ ግርግሙን ላሰች። በወሩ ወተቱ ወደ ልኩ ተመለሰ። የመደቡ አርባ ባልዲ ቀረ፤ አሁን ለከብት የሚቀዳው ስድስት ብቻ ነው፣ እሱም ለላሞቹ መጠጥ። ይጠጣ የነበረው መደብ አረፈ፤ ክረምት ሲገባ ባቄላ ተዘራበት፤ እህሉ ለሰው፣ ገለባው ለላም። ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ከመከራ በፊት የሰማ ግን ብልህ ነው፤ እሷ አንድ ጭብጥ ጭቃ ሲቀራት ሰማች።

አሁን ውኃ የምትቀዳው ምራቷ ናት፤ ቋጠሮዎቹንም ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሦስተኛው ገመድ ተፈትቶ የደረቀ ሣር ታስሮበታል።

ገመድ ሻጩ መንገድ ላይ አግኝቷት «እማማ፣ ጠፉሳ» አላት።

«ገመዴ ረዘመ» አለችው።

ያም ሆኖ ባልዲው ወደ ታች በወረደ ቁጥር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትቆማለች፤ የውኃውን ድምፅ እስክትሰማ አትተነፍስም።