ሳፋዬን የከበበው ነጭ ቀለም

አለሽ እትዬ? እኔ ነኝ፣ የጎን ጎረቤትሽ። አትነሺ፣ አትነሺ! እንዲህ ከብደሽ ማን ተነሺ አለሽ? እኔው ገባሁ። የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? ስትተኚ ከሥሩ ትራስ አድርጊበት፤ እኔ ይቺን ሳረግዝ እንደዚያ አድርጌ ነው የተገላገልኩት። እሷማ ይኸው በእግሯ መጣች… ነይ ሚሚዬ፣ እዚህ ምንጣፉ ላይ ተቀመጪ። የሰው ዕቃ እንዳትነኪ።

ቤትሽ እንዴት ደስ ይላል! መጋረጃውን አጠብሽው እንዴ? የመኝታ ቤቱን ነው የምልሽ። ሰው አለ መሰለኝ ውስጥ… ከሥራ ገብቶ አረፍ ብሎ ይሆናል። እንግዲያው ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ግን ዝቅ ባደርገውስ ምን ዋጋ አለው? ግድግዳው ስስ ነው። አንቺ እዚህ ስታስነጥሺ እዚያ ቤቴ ሆኜ "ይማርሽ" የምልሽ እኔ አይደለሁ?

የመጣሁት ለትንሽ ነገር ነው። ቀለም የሚያስለቅቅ ነገር አለሽ? ላምባም ቢሆን፣ ቤንዚንም ቢሆን። ይቺን ሳፋዬን አየሻት? ሰማያዊዋ ናት፣ ልጄን የማጥብባት። ጠርዟን ዞሮ የተቀባውን ነጭ ተመልከቺው። አይ፣ ሚሚ አይደለችም! ሚሚ እንዲህ አስተካክላ የት ታውቃለች? ትልቅ ሰው ነው የቀባው። ለዚያውም በትልቅ መሣሪያ።

ቆይ ላጫውትሽ… ሰውየውን አንቺ አታውቂውም። እኔም ስም አልጠራም፤ ጎረቤት ይታዘበኛል። ብቻ አንድ ሰው አለ። ሥራው መንገድ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የተቦረቦረውንና የተሰነጠቀውን እያየ በሚረጭ ቀለም ይከበዋል። ከኋላው ጠጋኞቹ አካፋቸውን ይዘው፣ ያን መንገድ የሚደመድመውን ዳምጠው አስከትለው ይመጣሉ። ብርቱካንማ የተከበበውን ቆፍረው ይደፍኑታል። ነጭ የተከበበው ደግሞ "ታይቷል፣ ደህና ነው፣ እለፉት" ማለት ነው። እኔ ይሄን ከየት አወቅሁ? በሬ ላይ ሲሠሩ ሰንብተው ነዋ! ለማንበብ እንኳን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ ነው፣ ታውቂኛለሽ። ነጭና ብርቱካንማ ግን ዓይኔ አይስትም።

መሣሪያውን ብታይልኝ ደግሞ! ረጅም ዘንግ ነው። ከታች የቀለሙ ጣሳ ተዘቅዝቆ ይገባል፣ ትንሽዬ ጎማም አለችው። ላይ እጀታውን ጨበጥ ሲያደርጉት ፍስስስ… እንደ ጌታ ቆሞ ነው የሚሠራው። አያጎነብስም፤ ሸሚዙ ከቀበቶው አይወጣም። እንዲህ ንጹህ ሆኖ ከመንገድ ሥራ የሚገባ ባል ያላት ሴት ታድላለች አልኩ፣ ማጠቡ እንኳን ይቀንስላታል።

ውይ! ይሄ በርሽ ጥግ የቆመው ምንድነው? ልክ እሱን! ዕቃ ከዕቃ እንዲህም ይመሳሰላል እንዴ? ጎማዋም እንደዚችው ናት። ጫፉ ላይ የደረቀውም ነጭ… ሚሚዬ! አልኩሽ እኮ! አትንኪው፣ የሰው መተዳደሪያ ነው።

እና ያን ቀን መንገዳችንን ምልክት ሲያደርግ ዋለ እልሻለሁ። ክቡ ሁሉ እኩል ነው፣ የድስት ክዳን አስቀምጦ ያዞረው ነው የሚመስል። እኔ ልጄን ታቅፌ በር ላይ ቆሜ አደንቃለሁ። በሬ ጋ ያለችዋን ጉድጓድ ታውቂያታለሽ፤ ከደፉ ወረድ ሲሉ፣ የሚሚን እግር እስከ ጉልበቷ የምትውጠው። ልክ እዚያ ሲደርስ ብርቱካንማው "ጭ… ጭ…" አለና አለቀ። ሌላው ጣሳ መኪናው ላይ ነው፣ መኪናው ደግሞ ታች መታጠፊያው ጋ። ማን ይሄዳል? ነጭ በኪሱ ነበር። ነጩን ሰካ፣ ከበበ። "ለጊዜው ነው እህቴ፣ ነገ በብርቱካንማው እደርብበታለሁ" አለኝ። እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው! ለእኔ ለማንም ሴትዮ ቆሞ አስረድቶኝ ሄደ እኮ። ነገውማ… እንግዲህ እየመጣ ነው።

ጠጋኞቹ መጡ። የላይኛውን ቤት ጉድጓድ ደፈኑ፣ የታችኛውን ደፈኑ። ዳምጠው ሲያልፍ ቁምሳጥኔ ውስጥ ያለ ብርጭቆ ሁሉ ጨፈረ። የእኔን ግን ዘለሏት። "ወንድሞቼ፣ ይቺስ?" ብል ፎርማኑ ጎንበስ ብሎ አያት። እሱ ያጎነብሳል፣ ምስኪን፣ ፎርማን ብቻ ነዋ። "እናቴ፣ ነጭ ነው። ነጭ አንነካም። የቀባው ሰው ራሱ ካልቀየረው እኛ የለንበትም" አለኝ። የቀባው ሰው ደግሞ እዚያው አጠገቡ ዘንጉን ተደግፎ ቆሟል። ሰማይ ሰማይ ያያል። ደመና የሚወድ ሰው ነው መሰለኝ።

ለምን ዝም አለ ትይኛለሽ… እኔ አልፈርድበትም! በአለቃ ፊት "ተሳስቻለሁ፣ ብርቱካንማ ነው" ማለት ቀላል ነገር ነው እንዴ? ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ቃሉን ከየት ያምጣው? ሰው ያልለመደውን ሲጠይቁት ግፍ ነው።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ልጄ በእንቅልፏ ካሳላት ነግቶ እስካያት ልቤ አይመለስም። ይቺ ልጅ መራመድ የጀመረች ዕለት ሰው እልል ይላል፣ እኔ ጉድጓዷ ትዝ ብላኝ አለቀስኩ። ባሌ በአፈርና በጠጠር ሞላት፤ አንድ ዝናብ ይዞት ሄደ። ከዚያ ልብስ ላሰጣ ዞር ስል… ጩኸቷን ሰማሁ። ገብታበታለች። ጉልበትሽን አሳዪያት ሚሚዬ። አየሽው? አሁን ድኗል፣ አትደንግጪ፣ ለአንቺ መደንገጥ አይሆንሽም። ጫማዋ ግን እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ምን ላድርግ? ጉድጓዷ ላይ ሳፋዬን ደፋሁባት፣ ላይዋ ላይ ድንጋይ ጫንኩ። ልጄን በድስት እያጠብኩ ሰነበትኩ።

አሁን ሥራ የሚወድ ሰው እይ እትዬ! ነጩ በዝናቡ ደብዘዝ ብሎ ነበር። ሰውየው ያን አይቶ አላስቻለውም። ትናንት ዘንጉን ይዞ ተመልሶ መጣ። ልቤ ዘለለ፣ "ቃሉን አሰበ" አልኩ። ከበር ሆኜ ሳየው ሳፋዬን አላነሳትም፤ ማንሳት ማጎንበስ ነዋ! ዙሪያዋን ፍስስስ አድርጎ በነጭ አደሳት። ዞረባት እልሻለሁ፣ ከነሳፋዬ ከነድንጋዬ! ቀና ብሎ ሰላም አለኝና ሄደ። እንግዲህ ሳፋዬም "ታይታለች፣ ደህና ናት፣ እለፏት" ተብላለች ማለት ነው። ስትስቂ ደስ ትይኛለሽ… ቀስ ብለሽ ሳቂ፣ ሆድሽን።

ባሌ "ተይ፣ ጎረቤት ነው፣ አታስቀይሚው" ይለኛል። ኧረ… ጎረቤት ነው አልኩሽ እንዴ? ምላሴ ነው። የሩቅ ሰው ነው።

ብቻ አንድ ነገር አስጨንቆኛል። ጠጋኞቹ ነገ ጠዋት የመጨረሻቸው ነው። መታጠፊያው ጋ የቀረውን ደፍነው፣ ዳምጠውን ጭነው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳሉ። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ፎርማኑን ለምኜው ነበር፣ "ጠዋት ስናልፍ ብርቱካንማ ካየን እንደፍናታለን፣ ነጭ ካየን እናልፋለን" አለኝ። እኔ ራሴ ቀለም ገዝቼ ብቀባ በወደድኩ፤ የእነሱን ቀለም ሱቅ አይሸጠውም አሉኝ።

አሁን ገና ፀሐይ አለች። ከዚህ በር የእኔ በር ምን ያህል ነው? ሚሚ እንኳን መጣችበት። ማለቴ… ሰውየው እዚህ ቅርብ ቢሆን ኖሮ ብዬ ነው። አሁን ብድግ ብሎ ቢደርብበት ማን ያየዋል? እኔ እንደሆነ ፊቴን አዞራለሁ። ፎርማኑ "ነጩን ማን ቀባው?" ቢለኝ "ልጄ ናት፣ ቀለም አግኝታ ነው" እላለሁ። ሚሚ ስሟ ቢጠፋ ግድ የላትም፣ ሹመት አይቀርባት። ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ያንቺም ልጅ ዳዴ ይላል። መውጫችን አንድ፣ በራችን ጎን ለጎን… ሚሚን ተከትሎ ደጅ ሲል የት ይደርሳል?

አልጋው ነው የጮኸው? ይተኛ፣ ይተኛ፣ አትቀስቅሺው። ወገቡን ያሳርፍ። የአንዳንድ ሰው ወገብ እኮ ሳይጎነብስም ይደክማል።

ላምባውን ተይው በቃ፣ አትፈልጊ። ሳፋዬ ደህና ናት ተብላ የለ? ልመልሳት፣ ጉድጓዷ አሁን ክፍት ናት። ነይ ሚሚዬ፣ እጄን ያዢ። እትዬን ሳሚያት።

እንግዲህ እትዬ፣ ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ። ጤነኛ፣ ቁመተ ሎጋ፣ አባቱን ቁርጥ ልጅ ይስጥሽ። እግሩ ጸንቶ ደጅ ሲወጣ እንቅፋት አይንካው። ቢወድቅ እንኳን… አይወድቅም! ቢወድቅ እንኳን ወገቡ ሳይታጠፍ፣ ሸሚዙ ከቀበቶው ሳይወጣ፣ ቆሞ በረጅም ዘንግ የሚያነሳውን አባቱን ያኑርለት።