ለኖኅ የተማለውና እኔ የማልሁት

— ሄሎ! … እትዬ፣ አንቺ ነሽ? ጮክ በይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮዬን እየደበደበው ነው! … ምን? ውሃው ደጃፍ ደረሰ? … የትኛው ደጃፍ፣ የአጥሩ ወይስ የቤቱ?

— … የቤቱ ነው አልሽኝ! … ጎረቤቶችሽስ? … ሁሉም ወጡ። ታዲያ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? … ማን ነው «ከቤትሽ አትነቃነቂ» ያለሽ? … እኔ?

— (ሹፌር! ሞተሩን አስነሳ፣ ገመድም ጫን! እህቴ ውሃ መሃል ቁጭ ብላለች!)

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … አዎ፣ ብያለሁ፤ አልካድኩም። ቤቱን ስሠራልሽ «ወንዙ ቅርብ ነው» ብለሽ ስትፈሪ፣ እግዚአብሔር ለኖኅ ምሏል፣ ውሃ ዳግመኛ አያጠፋሽም አልኩሽ። … ቃሉማ እውነት ነው! መጽሐፉን ሠላሳ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የጨረስኩ ሰው ነኝ እኮ … እሺ፣ ሦስት ጊዜ። ያውም ዘሌዋውያንን እየዘለልኩ።

— በሞቴ አድምጪኝ። የማለው ምን ብሎ ነው? ምድርን ሁሉ በጥፋት ውሃ ዳግመኛ አላጠፋም ብሎ ነው። ምድርን ሁሉ! ያንቺን ሳሎን ስሙን አልጠራም።

— … አልቀለድኩም! … የለም፣ እምነትሽ አልጎደለም። እሱ ቃሉን አያጥፍም ነው የምልሽ! ለአብርሃም ሲምል ከራሱ የሚበልጥ ቢያጣ በራሱ ማለ፤ ዘሩንም እንደ ኮከብ አበዛው። ያልተማለልሽን የጨመርኩልሽ እኔ ነኝ። ለምድር የማለውን ወስጄ ያንቺ ግድግዳ ላይ ለሰንኩት።

— አሁን የት ደረሰ? … ቁርጭምጭሚት! … ቤት ውስጥ?

— … መሠረቱን ለጊዜው ተይው። … ሦስት ሜትር ብዬሻለሁ፣ አውቃለሁ። «መልአክ ቢገፋው አይነቃነቅም» ብያለሁ። በእግዚአብሔር ስምም ምያለሁ። …

— (ቆይ አንተ፣ አትጎትተኝ! መጣሁ!)

— እትዬ … አለት አገኘሁ ያልኩሽ … አለት አልነበረም። ጭቃ ነው። ሌላ ሥራ ይዤ ነበር፣ ቸኮልኩ። የቆፈርኩት እስከ ጉልበት ነው። … አዎ፣ እስከዚህ እስከ እኔ ጉልበት። … ሄሎ? … ስደቢኝ፣ ይገባኛል!

— … ምን? «ማልልኝ»? … አይ። ዛሬ አልምልም። ምዬ ነው እዚያ ያስቀመጥኩሽ። እስከ ጉልበት ነው፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

— … … ምንድን ነው ያ የሚንቋቋው? በሩ ነው? … ከፈትሽው! ጎሽ፣ ጎሽ የኔ እናት! ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት ውጪ፣ እዚያ አገኝሻለሁ። … ፎቶውን ተይው! … እሺ፣ በጉያሽ ያዢው። … ግድግዳውን ተጠግተሽ እንዳትሄጂ! … እንዴት ለምን ትያለሽ? የገነባሁት እኔ ነኛ! ራቂው!

— አሁን ስልኩን ዝጊ፣ ሁለቱም እጅሽ ይፈለጋል። … ዝጊው እንጂ እትዬ! የቀረውን ስድብ ስደርስ ትጨርሺዋለሽ።