ቅርፊት የሌለው ዓሣ

(ባሕር ዳር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሰርግ ካለበት ሆቴል ፊት ለፊት፣ ጣና ላይ በቆመች የደንገል ታንኳ፤ ጢማሙ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እንየው፣ እናቷ አልጋ የያዘችባት ስመኝ።)

እንየው፦ በቃ አልኩሽ፣ እንመለስ። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል።

ስመኝ፦ አንዴ ብቻ ይጣሉት አያ እንየው። አንዴ።

እንየው፦ «አንዴ» ስትዪኝ ይኼ ስድስተኛሽ ነው።

ስመኝ፦ ባዶ እጄን ገብቼ ምን ልበላት? ስምንት ቀን እኮ ነው። ውኃ በማንኪያ፤ እሱንም ግማሹን ትመልሰዋለች። ሐኪሙ ትናንት «እህል ካልቀመሰች መድኃኒቱን አቆማለሁ፤ በባዶ ሆድ እሱ ራሱ ይገድላታል» ብሎኝ ሄደ። አጥሚት አልል፣ ዶሮ አልል፣ ሁሉንም አፏን ገጥማ መለሰችው። አፏን ከፍታ የጠየቀችኝ ዓሣ ብቻ ነው።

እንየው፦ ታዲያ ገበያው ዓሣ ሞልቶት የለ?

ስመኝ፦ ገዝቼ ሠራሁላት። ቆረሶ። አሸተተችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ትልቁን ነው ያልኩሽ፤ የሌሊቱን» አለችኝ።

እንየው፦ ትልቁን፤ የሌሊቱን። ሌላ ያለችሽ የለም?

ስመኝ፦ የለም።

እንየው፦ አስበሽ ተናገሪ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስመኝ፦ የለም አልኩ እኮ። ይልቅ መንጠቆውን ይጣሉት።

እንየው፦ ዝቅ በይ እንግዲያው። ጥላሽ ውኃው ላይ እንዳይወድቅ።

ስመኝ፦ ይኼን ሁሉ ከበሮ የቻለ ዓሣ የኔን ጥላ ይፈራል?

እንየው፦ ከበሮውን ለምዶታል። ከተሜ ነው፤ እንዳንቺ። ቀን ጀልባው ሲመላለስ ከጥልቁ አይወጣም። ሌሊት የሆቴሉ መብራት ውኃው ላይ ሲወድቅ ደቃቁ ዓሣ እሱን ብሎ ይሰበሰባል። የምንፈልገው ትልቁ ነጭ ዓሣ ግን መብራቱ ውስጥ አይገባም። ብርሃንና ጨለማው የሚገናኙበት ላይ ይቆምና ከመንጋው የወጣውን ይለቅማል። መንጠቆው እዚያ ድንበር ላይ ነው መውደቅ ያለበት፤ አንድ ክንድ ወዲህ ከሆነ ከንቱ ነው።

ስመኝ፦ ታዲያ ቅድም ድንበሩ ላይ ጥለው ምን ወጣ?

እንየው፦ አምባዛ።

ስመኝ፦ ወገቤ የሚደርስ አምባዛ። እሱንም ለቀቁት።

እንየው፦ እናትሽ የመሪጌታ ሚስት ናት። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ደጇ አይደርስም። አንቺው አይደለሽ አፍንጫሽን ይዘሽ «ወዲያ ይጣሉልኝ» ያልሽው?

ስመኝ፦ ብያለሁ። ያኔ ገና ሰባት ሰዓት ነበር። ነጩ ይመጣል ብዬ ተስፋ ነበረኝ።

እንየው፦ ይኸው። መብራቱም ሄደ።

ስመኝ፦ ይመለሳል። ጄኔሬተር አያጡም።

እንየው፦ ሰርገኛው እየተበተነ ነው፤ ለማን ብለው ያስነሡታል? መብራት ከሌለ ደቃቁ ይሄዳል፤ ደቃቁ ከሄደ ነጩ ምን ሊሠራ ይቆማል? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ጀልባዎቹ ይነሣሉ። አለቀ ስመኝ።

ስመኝ፦ በስልኬ ላብራ?

እንየው፦ ለጣና በስልክ ልታበሪለት?

ስመኝ፦ ውኃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል አያ እንየው። ምን ላድርግ? ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ዛሬ ካልቀመሰች ነገ የማስታምማት እናት የለችኝም። እርስዎ ይኼን አያውቁትም።

እንየው፦ አውቃለሁ።

ስመኝ፦ ከየት ያውቃሉ? ደጃችንን ረግጠው አያውቁ። አባቴ ሲቀበር እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነበር የቆሙት። አይቼዎታለሁ።

እንየው፦ አይ አንቺ ልጅ። ደጃችሁን የከለከሉኝ አያትሽ ናቸው።

ስመኝ፦ አያቴ ከርስዎ ጋር ምን አገናኛቸው?

እንየው፦ ሽማግሌ ልኬባቸው ነበር። ለእናትሽ። «አምባዛ ለሚበላ ቤት ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። ውሸት አልተናገሩም፤ እኛ ቤት ይበላል። በዓመቱ ለአባትሽ ተዳረች። አባትሽም ደግ ሰው ነበሩ። እሱን አልክድም።

ስመኝ፦ ይኼን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

እንየው፦ ምን ብላ ትንገርሽ። ያለፈ ነገር ነው።

ስመኝ፦ አያ እንየው፣ ገመዱ። ገመዱ እየሄደ ነው።

እንየው፦ አትጎትቺ። ይሂድ፣ ልቀቂለት። አሁን ያዢ። ታንኳዋ ትከተለው፤ አትፍሪ፣ አትገለበጥም።

ስመኝ፦ እጄን ቆረጠኝ።

እንየው፦ ነጠላሽን ጠቅልይበት። ሲያርፍ ሳቢ፣ ሲቆጣ ተይለት። እንዲያ። አሁን ለኔ ስጪኝ። ኧረ ይኼስ ከባድ ነው።

ስመኝ፦ ነጭ ነው? ጨለማው አላሳይ አለኝ። ነጭ ነው ይበሉኝ።

እንየው፦ ጢም አለው። አምባዛ ነው። የቅድሙን ይበልጣል።

ስመኝ፦ አይልቀቁት።

እንየው፦ ስመኝ።

ስመኝ፦ አይልቀቁት አልኩ። ቆዳውን እገፍፈዋለሁ፤ ጭንቅላቱን እጥለዋለሁ። ሥጋው ነጭ ነው። በርበሬ ከገባበት ማን ይለየዋል? ነጭ ዓሣ ነው እላታለሁ። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባል የለ?

እንየው፦ ብልሃቱ ለእሾሁ ነው እንጂ እናትን ለመሸወድ አይደለም።

ስመኝ፦ ኩነኔው በኔ ይሁን።

እንየው፦ ያንቺን አንቺ ቻይው፤ የኔ እጅ ግን አይገባበትም። እናትሽ የምትበላውን አውቃ ትብላ፣ ካልፈለገችም አውቃ ትተወው። በዚህ ዓሣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሜ ጠፍቷል። ደግሞ ዛሬ ተደብቆ በእሷ አፍ አይገባም። ዞር በይ፣ መንጠቆውን ላውጣለት።

ስመኝ፦ ይቆዩ። እባክዎን ይቆዩ። የሸሸግሁት ነገር አለ።

እንየው፦ እንግዲያው ቶሎ በይ። ክንዴን እያዛለው ነው።

ስመኝ፦ «ትልቁን» ብቻ አይደለም ያለችኝ። ለርስዎ መንገር አፍሬ ነው የዋጥኩት፤ አባቴን በመቃብሩ ያማሁ መስሎኝ። «እንየው ዘንድ ሂጂ» አለች። «እንዲህ በይው፦ በአጥር ሥር ያቀበልከኝን አምጣልኝ።» አንተ ብላ ነው ያለችዎት። እናቴ አባቴን እንኳ አንቱ ነበር የምትለው። በአጥር ሥር ምን ነበር? ይንገሩኝ፣ አልቆጣም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ዘንዶም ቢሆን ይውጣ።

እንየው፦ በአጥር ሥር አለች? በአፏ?

ስመኝ፦ በአፏ። ሁለት ጊዜ ነው የደጋገመችው።

እንየው፦ በቅል ነበር።

ስመኝ፦ ምኑ?

እንየው፦ መረቁ። ሽማግሌዎቼ በተመለሱ በሳምንቱ ወባ ጣላት። ያኔም እንዲሁ ነበረች፤ እህል አልቀምስ አለች፣ ትሞታለች ተባለ። በበር እንዳልገባ ተከልክያለሁ። እዚሁ መጥቼ በሌሊት አወጣሁት፤ እናቴ ቀቀለችው፤ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበልኳት። አልደበቅኋትም። «አምባዛ ነው፤ ከቀፈፈሽ ድፊው» አልኳት። ሦስት ሌሊት ቅሉን ባዶውን መለሰችልኝ። በአራተኛው ቀን በእግሯ ቆመች።

ስመኝ፦ እናቴ? የመሪጌታ ሚስት?

እንየው፦ ያኔ የማንም ሚስት አልነበረችም።

ስመኝ፦ ታዲያ ይኼን እያወቁ ቅድም ለምን ለቀቁት?

እንየው፦ ንስሐ የገባችበት መስሎኝ ነዋ። አርባ ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ ስታየኝ መሬት መሬት ታያለች። ተጸጽታበታለች፣ አልኩ። በአልጋዋ ላይ ነውሯን ይዤባት ልሂድ? ነጩን ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ያደርኩት ለዚህ ነው።

ስመኝ፦ እኔ ደግሞ ቃሏን ዋጥኩት። ብነግርዎት ኖሮ ሰባት ሰዓት ላይ እጃችን ውስጥ ነበር፤ እስካሁን በልታ ተኝታ ነበር። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነኝ።

እንየው፦ አሁን የልቅሶ ጊዜ አይደለም። ዓሣውን በነጠላሽ ጠቅልይና መቅዘፊያውን ያዢ።

ስመኝ፦ ትቆየናለች?

እንየው፦ አርባ ዓመት ቆይታ የለ። ቅዘፊ፣ በግራ በኩል።

ስመኝ፦ እየቀዘፍኩ ነው። አያ እንየው፣ ደጅ ድረስ ይዘውልኝ ይመጣሉ?

እንየው፦ እስከ አጥሩ እሸኝሻለሁ።

ስመኝ፦ አጥሩ ጋ አልቀበልዎትም። ያዘዘችው እርስዎን ነው፤ በበሩ ገብተው እርስዎ ይስጧት። እንዲያው ግን ጠያቂው ቤቱን ሞልቶታል፤ አክስቶቼ አሉ፣ የንስሐ አባቷም ያደሩት እዚያው ነው። ቢላ ይዣለሁ፤ ማንም እንዳያውቀው ቆዳውን እዚሁ ልግፈፈው?

እንየው፦ ቢላውን መልሺው። ከነጢማችን ነው የምንገባው፤ እሱም፣ እኔም።