ፎቁንና ምድር ቤቱን ያገናኘው ኬብል

ደሴ፣ ባልና ሚስት የሚሠሩበት ማተሚያ ቤት፤ ፎቅ ላይ ዲዛይን የምትሠራው ሰዓዳ እና ምድር ቤት የሚያትመው ባሏ ይመር ረፋዱ ላይ ደረጃው ሥር ቆመው ይከራከራሉ።

ይመር፦ ዛሬም ሊመጣ ነው ይሄ ልጅ?

ሰዓዳ፦ ከማልን ነው? ኔትወርኩ ከተቋረጠ ቴክኒሻኑ ካልመጣ ማን ይምጣ?

ይመር፦ ሰኞ መጣ፣ ትናንት መጣ። ለአንድ ገመድ ይሄ ሁሉ መመላለስ?

ሰዓዳ፦ ገመድ ብቻ መሰለህ? የኔ ኮምፒውተሮች በአንድ ሮውተር፣ ያንተ ደግሞ በሌላ ናቸው። የአድራሻ ቁጥራቸው ስለሚለያይ አይተያዩም ነበር። እሱ ነው ለሁለቱም ሮውተሮች መንገዱን አሳይቶ አንድ ቤት ያደረጋቸው።

ይመር፦ መንገድ ሲያሳይ ይሳቃል እንዴ? ሳቃችሁ እታች ድረስ ይሰማ ነበር።

ሰዓዳ፦ ቀለደ፣ ሳቅኩ።

ይመር፦ እኔ ስቀልድስ ትስቂያለሽ?

ሰዓዳ፦ መቼ ቀልደህ?

ይመር፦ ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።

ሰዓዳ፦ ገንፎውን ተወውና ስለ ኬብሉ ንገረኝ። ትናንት ስንዘጋ ይሠራ ነበር። ዛሬ ቀድመህ የከፈትከው አንተ ነህ።

ይመር፦ አይጥ ይሆናል።

ሰዓዳ፦ አይጥ ትቆርጣለች እንጂ ነቅላ፣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጥም።

ይመር፦ እሺ፣ እኔ ነኝ። ድሮ ፍላሽ ይዘሽ ትወርጂ ነበር። እስኪታተም ወንበር ስበሽ ትቀመጫለሽ፣ እናወራለን። ትናንት ግን ሥራሽ ብቻውን በገመድ ወረደ፤ አንቺ አልመጣሽም። እሱ ግን አንቺ ጋ ነበር።

ሰዓዳ፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ አንተ ጠርጥረህ ተመነጠርክ። ፋይሎቼ በሙሉ ፎቅ ባለው ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ናቸው። ኔትወርኩ አንድ ከሆነ እታች ሆኜም እከፍታቸዋለሁ። ያሠራሁት ጠረጴዛዬን አጠገብህ ላወርድ ብዬ ነው።

ይመር፦ እኔ አጠገብ?

ሰዓዳ፦ እና ማን አጠገብ ሊሆን ኖሯል? በል አሁን፣ የነቀለ እጅ ይሰካው።

ይመር፦ መሰካቱስ አያቅተኝም ነበር። ግን ሮውተሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውንም ቁልፍ በመርፌ ተጫንኳት።

ሰዓዳ፦ ያቺን ከነካህማ ሮውተሩ እንደ አዲስ ሆኗል፤ ከማል የሠራው ሁሉ ጠፍቷል።

ይመር፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ሰዓዳ፦ እኔ እንደሆነ አልጠራውም። መመላለሱ በዛ ያልከው አንተ ነህ።

ይመር፦ እንግዲያው የከማልን ቁጥር ስጪኝ፤ ራሴ ልደውልለት።