ምርኩዝ የሌለው ኮቴ

ወይዘሮ አስካለ፣ ጎባ ከተማ ቤታቸው በረንዳ ላይ ያጫወቱኝ ነው። የእህታቸው ልጅ ሰናይት ነኝ፤ በስልኬ ከቀዳሁት ድምፅ ላይ እንዳለ ገለበጥኩት።

በኛ ጊዜ የጡት በሽታ በስሙ አይጠራም ነበር፣ «ያ ነገር» ይባልና ዝም ነው። ዛሬ ስም አለው፣ ሐኪም አለው፣ ክኒን አለው። ታዲያ ስለ ክኒኑ ሕመም ማን ነገረን? ቀዶ ጥገናውን ጨርሼ፣ ጸጉሬ ተመልሶ በቅሎ፣ ተገላገልኩ ስል ሐኪሙ «በሽታው እንዳይመለስ ይቺን በየቀኑ አንድ አንድ፣ አምስት ዓመት ይውሰዱ» አለኝ። እሺ አልኩ። ሦስት ወር ሳይሞላኝ ጠዋት ጠዋት እጄ አልጨበጥ አለ፣ ጉልበቴ፣ ዳሌዬ፣ የእግሬ አጥንት ሳይቀር። ከወንበር ለመነሳት ጠረጴዛ ይዤ፣ ግድግዳ ይዤ። የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጄ ነው የማነሳው፣ ትሰሚኛለሽ?

ጎረቤቴ ፋጤ፣ አላህ ይዘንላትና፣ እሷም ያው በሽታ፣ ያው ክኒን። ተራመዱ፣ መገጣጠሚያው የሚፍታታው በእንቅስቃሴ ነው ስላሉን ጠዋት ጠዋት በሮቤ መንገድ እንወጣለን፣ ሁለት አሮጊት፣ ሁለት ምርኩዝ። የጎባን ጉም ታውቂዋለሽ፣ አንተያይም። በምርኩዝ ድምፅ ነው የምንተዋወቀው፣ ኳ ኳ የኔ፣ ኳ ኳ የሷ። እሷ ጉልበቷን እየረገመች፣ እኔ የኔን እየረገምኩ እየተሳሳቅን እንሄዳለን።

እና አንድ ጠዋት የሷ ምርኩዝ አልተሰማም። ኮቴዋ ብቻ፣ ፈጠን ፈጠን፣ ከፊት ከፊቴ። «ፋጤ፣ ምርኩዝሽስ?» ብላት ከጉሙ ውስጥ ሳቀች። «ክኒኑን ተውኩት አስኩ። ቀለለኝ እኮ፣ ልጅ ሆንኩ። ኮቱ፣ ኮቱ» ትለኛለች በኦሮምኛ፣ ነይ ነይ ማለቷ ነው። ቀናሁባት፣ እውነቴን ነው። ለሐኪሙ ንገሪው ብላት ምን ልንገረው፣ ድኛለሁ አለች። ከዓመት በኋላ በሽታው የጀርባዋ አጥንት ውስጥ ተገኘ፣ እና ሄደች። ባታቆም ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም፣ የሚያውቅ አንድዬ ነው። ብቻ አለቀስኩ፣ አሁንም አለቅሳለሁ።

ታዲያ ይሄን ያየሁ እኔስ? እኔም ተውኩት። እንዲህ አትዪኝ፣ ሕመም ልብ ያሳጣል። የሹራቤን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ ተናድጄ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ እጄ ተፈታ፣ ጉልበቴ ተፈታ። እና አንድ ጠዋት ምርኩዜን በር ሥር ትቼ ወጣሁ።

ጉም ነው። ደስ እያለኝ እሄዳለሁ። ታዲያ ከፊቴ ኮቴ ሰማሁ፣ ፈጠን ፈጠን፣ ያለ ምርኩዝ። ብቆም ይቆማል፣ ብራመድ ይራመዳል። «ማነው?» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት ልጄ፣ ቀስ ብሎ፣ «ኮቱ አስኩ፣ ኮቱ።» ድምፁ የሷ ነው። ያስፈራኝ ደግሞ ድምፁ አይደለም፣ እግሬ ነው፤ አልቆም አለኝ፣ ወደሷ ይሄዳል። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም፣ የመንገድ ዳር ባሕር ዛፍ አቅፌ ራሴን አገኘሁት። ጉሙ ሲገለጥ መንገዱ ባዶ ነው፣ ጭቃው ላይ ያለው ዱካ የኔ ብቻ።

በቀጥታ ሐኪሙ ጋ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት፣ ኮቴውን ሳይቀር። አልሳቀብኝም። «ሕመሙን ለምን ደበቁን፣ እናቴ? ክኒኑ በሌላ ይለወጣል፣ ማስታገሻም አለ» አለኝ። ለወጠልኝ። ሕመሙ ጠፋ? አልጠፋም፣ ቀነሰ። ጠዋት እጄን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፣ እራመዳለሁ፣ ምርኩዜ ኳ ኳ ትላለች። እሷን ስሰማ አለሁ እላለሁ። ኮቴውም ጉም ሲወርድ አንዳንዴ ይሰማኛል፣ ራቅ ብሎ። አልመልስለትም።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን እንዳወራሁሽ ታውቂያለሽ? አንቺም ያው ክኒን ከታዘዘልሽ ስምንት ወርሽ ነው። ባለፈው ስትመጪ ይቺን ደረጃ ግድግዳ ይዘሽ፣ እያቃሰትሽ ነው የወጣሻት። ዛሬ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ኮቴሽን ሰማሁት። ፈጠን ፈጠን ነው የሚለው። ክኒኑን ከተውሽው ስንት ቀንሽ ነው?

— አሥራ ሁለት ቀኔ ነው፣ እትዬ።

— በይ ስልኩን ዝጊው። ነገ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን። (ሳቁ።) ታዲያ ጎኔ ጎኔ ነው የምትሄጂው፣ ከፊቴ አትቀድሚም።